የእማማ ቀጠሮ

ዓለም ባንክ ታክሲ ውስጥ ጎረቤቴ እማማ የቀጠሮ ወረቀታቸውን አሳዩኝ። የልብ ስፔሻሊስት ለማየት ስድስት ወር! በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ «ሐኪም እንዲህ ያደርጋል?» ብለው የተቆጡት እኚሁ እማማ ናቸው። እኔም አብሬ ተቆጥቻለሁ፤ አልዋሽም።

«የድሮው ዶክተሬ ውጭ አገር ሄደ አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው።

በ1950ዎቹ የተመሠረተ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር አለን። የሐኪም ማኅበር ስለ ደመወዝ ሲያነሳ እኛ ጆሮ የሚገባው «ጨምሩልን» የሚለው ብቻ ነው። የእማማ ወረፋ ግን እዚያው ደመወዝ ውስጥ አለ። ማኅበሩ ለሚኒስቴሩ አቤት ሲል ይህችን ወረቀት ቢያያይዝ እወዳለሁ።

«ሂሳብ!» አለ ወያላው። እማማ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።