የጌታቸው ፈረንጆች

ሰሞኑን ጆሮዬ ላይ የከረመው የዘ ኤክስ አልበም ነው። ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ «መስታወትህ ቢሰበር» እንደ ማለት ነው፤ በ2025 ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንጨቃጨቅ።) ከሱ በፊት የነበረው የ2018ቱ «27 ፓስፖርቶች» ነው። መሀል ላይ ሰባት ዓመት ተኝተው ነበር ማለት ግን አይደለም። ወረርሽኙ ሁሉንም ቤቱ ካስቀመጠበት ጊዜ በቀር መንገድ ላይ ነበሩ። ሌላው ባንድ አልበም ያወጣና እሱን ለመሸጥ ይዞራል። እነዚህ ነገሩን ገልብጠውታል፤ አዲሱን ዘፈን መጀመሪያ መድረክ ላይ ያወጡታል፣ ከከተማ ከተማ ይዘውት ይዞራሉ፣ ሲበስል ስቱዲዮ ይገባሉ።

እኛ ቤት ዘ ኤክስ ብሎ የሚጠራቸው የለም። «የጌታቸው ፈረንጆች» ነው የሚባሉት። ስሙን ያወጣላቸው አጎቴ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለማያውቃቸው፦ በአምስተርዳምና አካባቢዋ ወጣቶች ባዶ ቤት ሰብረው እየገቡ በሚኖሩበት ዘመን፣ በ1979፣ የተነሱ የፓንክ ልጆች ናቸው። ማን ምን ይጫወት የሚለውን በዕጣ ለዩት ይባላል። ስማቸውን ያሳጠሩትም ግድግዳ ላይ በቀለም ረጭቶ ለመሮጥ ሁለት ሰከንድ እንዲበቃ ነው። ሸክላቸውን ራሳቸው ያሳትማሉ፤ የትልቅ ኩባንያ ደጅ ሳይጠኑ አርባ ምናምን ዓመት ዘለቁ። አሠራራቸው ከባንድ ይልቅ ደቦ ይመስላል። አሁን አራት ናቸው፤ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር በጊታር፣ የመጀመሪያው ድምፃዊ ጂ ደብልዩ ሶክ በ2009 ሲለቅ የተተካው አርኖልድ ደ ቡር በድምፅና በጊታር፣ ካትሪና ቦርኔፌልድ በድራም። ቤዝ የለም። ሦስት ጊታር እርስ በርሱ ይፋጫል፣ ከሥር ካትሪና ትወግራለች። መጀመሪያ የሰማቸው ሰው ወይ ይወጣል፣ ወይ ይቀራል። እኔ ቀረሁ።

ከእኛ ጋር ያገናኛቸው የቴሪ እግር ነው። በ1996 ከባለቤቱ ጋር አፍሪካን በመኪና ሲያቋርጥ ኢትዮጵያ ደረሰ፣ ካሴት መሰብሰብ ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ አልተላቀቀም። በ2002 ባንዱን ይዞ መጣ። ቴርፕ የሚባል ትንሽ ማሳተሚያ አለው፤ መሐመድ ጂሚ መሐመድን በጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች፣ ዘርፉ ደምሴን በበገና ለአውሮፓ ያሰማው በሱ በኩል ነው። እስቲ አስቡት፤ በገና የሚያሳትም ፓንክ! እዚህ አገር ቤት በገና ከሁዳዴ ውጭ ማን ይከፍታል?

ስማቸው የተወሰደለት ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ በ1935 ይፋት ተወለደ። ጅማሬው ክራርና ማሲንቆ ነበር፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ኋላ መጡ። በ1949 ገና ጎረምሳ ሳይሆን የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን፣ በ1965 የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀለ። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ የከተተው እሱ ነው። ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ይወጣ ነበር። የድሮ ሸክላው በ2003 ኢትዮፒክስ በሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች 14ኛ ቅጽ ታትሞ ዓለም ሲሰማው፣ የፈረንጅ ሐያስያን አሜሪካኖቹን የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቾች፣ ኦርኔት ኮልማንን ጠሩ፣ አልበርት አይለርን ጠሩ። አልፈርድባቸውም፤ ሰው ባዕድ ነገር ሲሰማ የሚያውቀውን ስም ነው የሚጠራው። ጌታቸው ግን ከሸላዮች እንጂ ከእነሱ አልተማረም።

እንግዲህ በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመታቸውን አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጋበዙት። ያን ጊዜ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። የተጋበዘው አይ ሲ ፒ ከሚባለው የሆላንድ ጃዝ ኦርኬስትራ ጋር እንዲጫወት ነው፤ ለሽማግሌ የሚመጥን ሥልጡን አጃቢ ይሆናል ብለው ይመስለኛል። እሱ ግን የጋባዦቹን ጫጫታ ሰማና አዲስ አልበም መሥራት እንደሚፈልግ፣ አጃቢዎቹም እነሱ እንዲሆኑ ጠየቀ። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያወራት። «ፈረንጆቹ ጌታቸውን አገኙት» ይባላል። ማን ማንን እንደመረጠ ግን ይኸው።

አልበሙ፣ «ሞኣ አንበሳ»፣ በ2006 ወጣ። እኔ ሆላንድ ነው የምኖረው፤ ሲዲውን ሻንጣዬ ውስጥ ሸጉጬ ደብረ ብርሃን አጎቴ ቤት የደረስኩት ከዓመታት በኋላ ነው። አጎቴ የይፋት ሰው ነው። ጌታቸው ሲነሳ «የወንዜ ልጅ» ይላል፣ አንድም ቀን አግኝቶት ባያውቅም። በጎረምሳነቱ ሠርግ ላይ ሲፎክር ቤት ይናወጥ ነበር ይላሉ፤ እኔ የደረስኩት ጉልበቱን መታመም ከጀመረ ወዲህ ነው። ከሰዓት ላይ ነው፤ ሰሃን ላይ የገብስ ቆሎ ቀርቧል፣ እሱ እየዘገነ ይቆረጥማል። ከፈትኩለት። ጊታሮቹ ገቡ።

«ምንድነው ይሄ? ብረታ ብረት ቤት ነው እንዴ?»

«ጊታር ነው ጋሼ።»

«ጊታርማ አውቃለሁ። ይሄኛው ተጣልቷል።»

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ሳክስፎኑ ገባ። ያ የጌታቸው ድምፅ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰው ከጉሮሮው ሥር አውጥቶ እንደሚያስተጋባው። አጎቴ ቆሎውን ወደ አፉ እያደረሰ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጥቂት ፍሬ ጋቢው ላይ ተንጠባጠበ፣ አላየውም። ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ ይልና ይቆማል፤ ጊታሮቹ ገጭ ገጭ አድርገው ይመልሱለታል፤ እንደገና ከፍ ብሎ ይነሳል። ሲያልቅ ዝም ብሎ ቆየ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ፎካሪ ብቻውን አይፎክርም። ‹ዘራፍ!› ሲል ‹በለው!› የሚለው ከሌለ ምን ይሆናል? አብዷል ነው የሚባለው። እነዚህ ፈረንጆች እኮ ‹በለው› እያሉት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስለ አጃቢ ያለኝ ሐሳብ ሁሉ ከዚህች የቆሎ ሰሃን አይርቅም። እኛ አጃቢ ስንል አልጋ ማንጠፍ ይመስለናል፤ ዘፋኙ እንዲንጋለልበት የሚደላ ነገር። ሆቴል ሎቢ ግቡ፤ አንድ ሳክስፎን አለ፣ አንድ ኪቦርድ አለ፣ ኪቦርዱ ከበሮውንም ቤዙንም ቫዮሊኑንም ችሎ ማር ያፈስሳል። «አልማዝ የሐረሯ» ትጫወታለች፣ እንግዳው ማኪያቶውን ያማስላል። ማንም አልተከፋም፣ ማንም አልተነሳም። ሽለላን በዚያ አልጋ ላይ ማስተኛት ጦርን ሶፋ ሥር እንደማስቀመጥ ነው። ሽለላ የሚፈልገው የሚገፋ ሰው ነው፤ ጠርዝ ያለው፣ ካልፎከርክ የሚያሳፍርህ ሰው። ካትሪና ያንን ስድስት ስምንተኛ፣ እኛ ችክችካ የምንለውን፣ ስትመታው ንጹሕ አይደለም፤ ትንሽ ይሻክራል። ግን ወደፊት ይገፋል። አንዲ ሙር ወፍራሙን ጊታር ከሥር ያጉረመርማል። ቴሪማ ጊታሩን ይጫወተዋል ማለት ይከብዳል፤ ይጎነትለዋል። ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ፣ አልበሙ ውስጥ ያሉት ዝግ ያሉ ዘፈኖች ላይ ሲቸገሩ ይሰማኛል። በለው ማለት ያውቃሉ፤ እህ ብሎ መስማት ያን ያህል አልተዋጣላቸውም። የክላርኔቱ ሰው፣ ፈረንሳዊው ዣቪየ ሻርል፣ ነው እዚያ ላይ የሚያወጣቸው።

ከዚያ በኋላ አውሮፓን ዞሩ፣ አሜሪካ ተሻገሩ። በ2008 ክረምት ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ደጅ ላይ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴም በነበሩበት ምሽት፣ ጌታቸው ከእነዚሁ ፈረንጆች ጋር ቆሟል። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባለው የጋራ አልበማቸው ወጣ፤ የመጨረሻው ሆነ። ጌታቸው በኤፕሪል 2016 አዲስ አበባ ላይ አረፈ።

አገር ቤት ‹በለው› የሚል ተቀባይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል እያልኩ አይደለም። አዝማሪ ቤት አለ። ካዛንቺስ ፈንድቃ ውስጥ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ትከሻውን ሲያርገፈግፍ ተመልካቹ ዝም ማለት አይችልም ነበር፤ ዘ ኤክስም ከሱ ጋር ብዙ መድረክ ተጋርተዋል። ያ ቤት ግን በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ።

አዲሱን አልበም ይዘው እየዞሩ ሳሉ እኔ ወዳለሁበት ከተማ መጡ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ቢራ የጠጣ፣ ጫማ የሚይዝ። በር ላይ የጆሮ መድፈኛ በነፃ ያድላሉ። አንዱን አድርጌ አንዱን ኪሴ ከተትኩት፤ በማግስቱ አንዱ ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ፊት ለፊት ነበርኩ። የቴሪ ጊታር እንጨቱ ተልጦ፣ ቀለሙ ረግፎ፣ የድሮ በር መስሏል። አንድ ቦታ ላይ ሦስቱም ጊታሮች አንዲት አጭር ነገር ደጋግመው ይመታሉ፤ ስምንት ጊዜ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ፣ መቁጠር እስክተው። ከዚያ ክፍት ቦታ ይተዋሉ። አርኖልድ ማይኩ ጋ አይመጣም። ማንም አይገባበትም። ካትሪና ብቻ ደወሏን ትመታለች። ባዶው ቦታ ላይ ማን እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ፣ ግን አጠገቤ ላሉት ሆላንዶች ምን ብዬ ላስረዳ?

ሲያልቅ ላባቸው ሳይደርቅ ሸክላቸውን ራሳቸው ጠረጴዛ ዘርግተው መሸጥ ጀመሩ። አንዱን ገዛሁ። ስለ ጌታቸው ላነሳ አስቤ ነበር፤ ከኋላዬ የነበረው ሰው ቸኩሎ ገፋኝና አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ እሑድ ለአጎቴ ደወልኩ። ሸክላ መላክ አይቻል፣ ማጫወቻውስ የት አለ፤ ስልኬን ድምፅ ማጉያው ላይ ደግፌ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው አሰማሁት። መስመሩ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ተቆራረጠ።

«የጌታቸው ፈረንጆች ናቸው አይደል?»

«ናቸው ጋሼ።»

«ዛሬም እንደተጣሉ ነው።» ትንሽ ቆየ። «ጌታቸው የለበትም።»

«የለበትም።»

«አዎ፣ ቦታውን ትተውለታል፤ ሰማሁት። በለው ባዮቹ ቆመዋል፣ ፎካሪው ነው የቀረው።» ሳል ያዘው፣ ከኋላው አንዲት ሴት ውሃ ይዛለት ስትመጣ ይሰማኛል። «ለመሆኑ እዚያ ጤፍ ስንት ገባ?»