ከቤት የሚቀር ቦርሳ

በአዲስ አበባ፥ በፒያሳ ሠፈር፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ፑል የሚጫወቱ አንድ ጡረተኛ ጸሐፊ አሉ። ሲሄዱ ሦስት ነገር ይይዛሉ፤ ይኸውም ከሁለት ተከፍሎ የሚገጠም ዱላ፥ ንጹሕ መሐረብና ሰማያዊ ጠመኔ ነው። አስቀድመው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ቀጥሎ ዱላውን ይወለውላሉ፤ በመጨረሻም የጫፉ ቆዳ ከኳሱ እንዳይንሸራተት ጠመኔ ይቀቡታል።

ይህ ጠመኔ በስሙ እንጂ በባሕርዩ ጠመኔ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ስፒንክስ የተባለ ተጫዋችና ሆስኪንስ የተባለ የኬሚስትሪ ዐዋቂ በአሜሪካ ያወጡት፥ ከተፈጨ ሻካራ ማዕድን የሚሠራ ነው። የጸሐፊውም ልማድ እንዲሁ ነው፤ ላዩ ጨዋታ፥ ውስጡ ግን ቃል ኪዳን።

ከዓመታት በፊት የወር ደመወዛቸውን በአንድ ሌሊት በውርርድ ተበልተው፥ ዱላው ሳይቀር በመያዣ ቀርቶ፥ የልጆቻቸው ቀለብ በብድር ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገንዘብ ቦርሳቸውን ለባለቤታቸው አስረክበው ይወጣሉ። ጎረምሶች «እንወራረድ» ሲሏቸው ኪሳቸውን ገልብጠው ጠመኔውን ያሳያሉ።

ማታ ሲመለሱ ባለቤታቸው ማን እንዳሸነፈ አይጠይቁም። ዱላው በሰገባው መመለሱን አይተው፥ ቦርሳውን ከራቱ አጠገብ ያኖሩላቸዋል።