92 ዲግሪ

የኬሚስትሪ ጀማሪ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከመጽሐፉ ጋር ይጣላል። መጽሐፉ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ይላል። አራት ኪሎ ባለው ቤተ ሙከራ ግን ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ሲደርስ ውኃው ይንተከተካል፤ እሳቱን ቢያበዙበትም ከዚያ ንቅንቅ አይልም። እኛ ክፍል አንዱ ጓደኛችን ያየውን አምኖ 92 ብሎ ጻፈ። ግራ ቀኙን ቢያይ ሁሉም 100 ብሏል። የጻፈው በእርሳስ ነበርና ላጲስ ተውሶ 100 አደረገው። ከክፍሉ ሁሉ ትክክል የነበረችው አንዲት ቁጥር እንዲህ ሆና ጠፋች። ይኸ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ቢሆን ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ጋር ሲስተካከል ስለ ሆነ፣ ሸክሙ ከቀለለለት ቀድሞ ይፈላል። መጽሐፉ 78 ዲግሪ የሚለው ኤታኖልም እዚህ 71 ገደማ ላይ ይነሣል። የቤተ ሙከራ ደብተር በእስክሪብቶ የሚጻፈው ለዚሁ ነው፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም።

ዲስቲሌሽን የሚሉትን ግን እኔ ያየሁት አስቀድሞ ኮልፌ ነው፤ ከአጣና ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ አረቄ ከሚያወጡ ጎረቤታችን ጓሮ። ድፍድፉ በማሰሮ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ውኃ ውስጥ ወደ ተነከረ ዕቃ ይወርዳል፤ መጋጠሚያው በሊጥ ይመረጋል። ውኃውን አሁንም አሁንም ሲለውጡ አይቼ፣

«እማማ፣ ምነው ቶሎ ቶሎ ቀየሩት?» ብላቸው፣

«ከሞቀማ እንፋሎቱ መቼ ይያዝልኛል! ይልቅ ቆመህ ከምታየኝ ውኃ ቅዳልኝ» አሉኝ።

ቤተ ሙከራ ስንገባ ማሰሮው ፍላስክ፣ መቃው ኮንደንሰር፣ ሊጡ ግሪስ ተብሎ ጠበቀኝ። የኮንደንሰሩ ውኃ ከታች ገብቶ ከላይ የሚወጣው ዙሪያውን ምንጊዜም ሙሉ እንዲሆን ነው፤ ከላይ ከለቀቁት በአንድ ጎን ሾልኮ ይወርድና ግማሹ መስታወት ሳይቀዘቅዝ ይቀራል። እማማ አረቄውን መልሰው ሲያወጡት «ዳግም» ይሉታል፤ ከተራው በጣም ይበረታል። የቱንም ያህል ቢደጋገም ግን ኤታኖሉ 96 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ የቀረችው ውኃ አብራው ትተናለች።

እኔ የምፈራው እሳቱን ነው። የኤታኖል እንፋሎት ከመጋጠሚያው ካመለጠ ነበልባል ይያዘዋል። የእማማ ማገዶ የሚነደው እዚያው ማሰሮው ሥር ነው፤ የጭቃ ግድግዳቸውም ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ምን ያድርጉ? እኛ ግን ፍላስኩን በሞቀ ውኃ ውስጥ ነክረን ማሞቅ ስንችል ቡንሰን በርነር የሚለኩስ ተማሪ አይቻለሁ። እሱን ምን ይሉታል? ፍላስኩ ውስጥ ደግሞ ሦስት አራት ትናንሽ ገል ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይጨመር፤ ከጋለ በኋላ ከጨመሩት ግን ገንፍሎ ፊት ላይ ይረጫል።

ሌላው በአጭሩ ይበቃል። አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ሰልፈሪክ አሲድ ከውኃ ሲገናኝ የሚያወጣው ሙቀት ያቺን ጥቂት ውኃ አፍልቶ አሲዱን ይረጨዋል። ፒፔት በአፍ አይሳብም። የጋለ ብርጭቆ ከቀዘቀዘው በዐይን አይለይም፤ መጀመሪያ የእጅን ጀርባ ማስጠጋት ነው። ቢዩሬት ውስጥ ፈሳሹ መሐሉ ጎድጎድ ስለሚል፣ ዐይንን ከጎድጓዳው ታች እኩል አድርጎ ማንበብ ነው፤ ረዥሞች ጎንበስ በሉ። ታይትሬሽን ላይ ፊኖልፍታሌን ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ሲቆይ ይበቃል፤ ደምቆ ከታየ አልፏል፣ እንደገና መጀመር ነው። በሁለተኛው ዙር ወደ መጨረሻው ስትቃረቡ፣ ከቢዩሬቱ ጫፍ የተንጠለጠለችውን ግማሽ ጠብታ በተጣራ ውኃ አጥቦ ማውረድም ይቻላል።