ቢጫ ቅጠል ምን ይነግረናል?

በአሰላና በአካባቢዋ በብዙ ቤት ደጃፍ ጤና አዳም በጣሳ ተተክሎ ይታያል። ቡና ሲፈላ አንድ ቀንበጥ ቆርጠን ስኒው ውስጥ ጣል እናደርጋለን። ታዲያ ይህ ተክል አንዳንድ ጊዜ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ውሃ ጠምቶታል» ይልና ውሃ ይጨምርበታል። እኔ ግን መጀመሪያ አፈሩን እንንካ እላለሁ።

ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገቡ። አፈሩ ደርቆ ጣሳው ከቀለለ፣ እውነትም ጠምቶታል፤ አጠጡት። አፈሩ ርሶ ጣሳው ከከበደ ግን ተክሉ ያጣው አየር ነው። ሥርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ውሃ በአፈር ውስጥ ያለውን ክፍተት ሁሉ ከሞላው አየር አይገባም። ሥሩ ይታፈናል፤ ከዚያም ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ምግብ አይስብም። ቅጠሉም ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። በዚህ ላይ ውሃ ከተጨመረ ተክሉ ይሞታል። አገራችን ደጋ ነው። በክረምት ፀሐይ ብዙ ስለማትወጣ አፈር ቶሎ አይደርቅም።

አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ ጤና አዳም አሳየችኝ። ጣሳው ከሥሩ አልተበሳም ነበር። በሚስማር አምስት ቦታ በሳነው። የጠቆረውን ሥር በቢላ ቆረጥን። አፈሩን ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቀን መልሰን ተከልነው። ውሃም አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ሰጠችው። ከወር በኋላ አዲስ ቀንበጥ አወጣ።

የስንዴ ማሳም እንደዚሁ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ውሃ ከተኛ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። መድኃኒቱ ቦይ ቀዶ ውሃውን ማውጣት ነው።

ውሃ ሳይተኛ የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ከሆነስ? ያ የረሀብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ናይትሮጅን የሚባለው ምግብ ሲያጥረው፣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። እናት ከራሷ ቀንሳ ለልጇ እንደምትሰጥ ማለት ነው። ለዚህ ፍግ ወይም ዩሪያ ይረዳል።

ሦስተኛም ቢጫ አለ። በስንዴው ቅጠል ላይ እንደ ልብስ ስፌት በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ታያላችሁ። በጣት ሲነኩት ይለቃል። ይህ ቢጫ ዋግ ነው። በሽታ ነው። ቦይም ዩሪያም አያድነውም። ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል፤ ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ ያዛምተዋል። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ በአገራችን ብዙ ስንዴ አጥፍቷል። ያን ጊዜ ብዙ ገበሬ የዘራቸው ኩብሳና ጋላማ የተባሉት ዝርያዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። ስለዚህ ዋግ የሚቋቋም ዘር መዝራት ያስፈልጋል። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴ ዝርያ ላይ ይሠራል። ምልክቱን ያየ ገበሬም ሳይውል ሳያድር ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይንገር።

እንግዲህ ቢጫው አንድ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ ማከም ጉዳት አለው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ነገ ጠዋት ጣሳችሁን አንሱና ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ከዚያም ወደ ማሳችሁ ውረዱና የስንዴውን ቅጠል በጣታችሁ ዳስሱ።