የበሶው ከረጢት

በዚህ ገጽ ስለ ሆድ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ሆድን የሚንቅ ተማሪ ቢኖር አንብቦ ይፍረድ።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ እናቴ ገብስ ቆልታ፥ አስፈጭታ፥ አንድ ከረጢት ሙሉ በሶ አስያዘችኝ። «ትምህርቱ ሲጠናብህ በጥብጠህ ጠጣ፥ ልጄ» አለችኝ። እኔ ግን የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «ባላገር» ብለው እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ከረጢቱን ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

የመጀመሪያው ፈተና ሲቃረብ እንጀራ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ሌሊቱን በቡና አነጋለሁ። ጎረቤቴ የእስቴው ልጅ ደግሞ በጨነቀው ቁጥር ብስኩትና ቦምቦሊኖ ይበላ ነበር። ኋላ ከመጽሐፍ እንደ ተረዳሁት፥ ሁለቱም የአንድ ጭንቀት መልክ ነው። ድንገተኛ ድንጋጤ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ለቆ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጭንቀቱ ሲሰነብት ግን ኮርቲሶል የተባለው ይበዛና ብዙውን ሰው ጣፋጭና ቅባት ያስመኘዋል። አንጎልም ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ በዕረፍት ጊዜ ከምንጠቀምበት ኀይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል። እንግዲህ ሳይበሉ ማጥናት ጋዝ በሌለው ኩራዝ ማንበብ ነው።

በፈተናው ዕለት ሆዴ እንደ እሳት ነደደ፤ ዐይኔ ጨለመ፤ ወረቀቱን ግማሹን ባዶ ሰጥቼ ወጣሁ። ሐኪሙ መርምሮ የጨጓራ ጀርም አገኘብኝ። ይህን ጀርም ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች፥ ማርሻልና ዋረን፥ በ1982 እ.ኤ.አ. አግኝተው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ስለዚህ ሕመምን ሁሉ «ጭንቀት ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ መድኀኒት አለው። ሐኪሙ ግን መድኀኒቱን ሰጥቶኝ ሲያበቃ «ምግብህንስ ማን ይብላልህ?» አለኝ።

በዚያ ሰሞን አጎቴ መሪጌታ በስልክ ጠየቁኝ። የበሶውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ አንግተው፥ ከውሻ ጋር እየታገሉ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማሩ ናቸው።

«እኛ ቁራሽ ለምነን ስንበላ አላፈርንም» አሉኝ። «የለመንነውንም ከጓደኛ ጋር አንድ ላይ እንጂ ለብቻ አንበላም ነበር። አንተ እናትህ የሰጠችህን ለመብላት ታፍራለህን?»

መልስ አጣሁ። በዚያው ማታ ከረጢቱን አወጣሁ። የእስቴው ልጅ አይቶ «ይህ ሁሉ በሶ እያለህ ነው በረኃብ የምትወድቀው?» ብሎ ሣቀ። ከዚያ ዝም አለና ከሻንጣው ሥር እናቱ የጋገሩለትን ዳቦ ቆሎ አወጣ። እርሱም ደብቆት ኖሯል!

ያን ፈተና ወደቅሁ፤ ትምህርቱንም ደግሜ ተማርሁት። በሶውን ደብቄ እንደ ነበር ግን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ፈተና ደርሷልና ከየአልጋችን ሥር ያለውን እናውጣ፤ አብረንም እንብላ።