ፕሬዚዱንቶ

ቋንቋ መፍጠር የሚወዱ ሰዎች የሚጋሩት አንድ አመል አላቸው፤ ጊዜን ከግስ ቀምተው ለስም መስጠት። የአንዱን ጀማሪ ደብተር ገለጥ ብታደርጉ “የነበረ”፣ “ገና የሚሆን”፣ “ሊሆን ሲል የቀረ” ለማለት የሚያገለግሉ ቅጥያዎች በየስሙ ጭራ ተሰክተው ታገኛላችሁ። ባለደብተሩ ነገሩን እሱ የጀመረው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ የሰው ነገር ማጣራት ስለሚቀናኝ የአመሉን ዘር ማንዘር ልቆጥር ተነሣሁ።

የቅርቡ አያት ኤስፔራንቶ ነው። የዓይን ሐኪሙ ሉድቪክ ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም በስሙ አልፈረመም፤ “ዶክተር ኤስፔራንቶ” ብሎ አለፈ፤ ተስፋ የሚያደርገው ዶክተር እንደ ማለት። ቆይቶ ቋንቋው የብዕር ስሙን ወረሰ። በስሙ መካከል ያለችው “አንት” ድርጊቱ አሁንም እንደቀጠለ የምትናገር ምልክት ናት። ተስፋው ሰምሮ ዓለም በሙሉ ኤስፔራንቶ ቢናገር ኖሮ፣ እንደ ሕጉ ከሆነ “አንት” ላለፈ ነገር “ኢንት” ስለምትሆን ስሙ “ኤስፔሪንቶ” መባል ነበረበት። እስካሁን ስም መቀየር አላስፈለገም።

በዚሁ ሕግ ስብሰባ የሚመራው ሰው በኤስፔራንቶ ፕሬዚዳንቶ ነው፤ መርቶ ያበቃው ፕሬዚዲንቶ፣ ወደፊት የሚመራው ፕሬዚዶንቶ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል፤ ሣልሱ “ዲ” ኃላፊ፣ ራብዑ “ዳ” የአሁን፣ ሳብዑ “ዶ” ትንቢት። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሲነሣ ከ“ዳ” ወደ “ዲ” ይዛወራል፤ “የቀድሞ” እያሉ ቀለም መጨረስ የለም። ካዕቡ “ዱ” ግን የዛመንሆፍ አይደለም፤ አንዳንድ ተናጋሪዎች ከራሳቸው የጨመሩት ነው። ፕሬዚዱንቶ ማለት ቢመረጥ ኖሮ ሊቀመንበር ይሆን የነበረ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ብቻ ሳይሆን “ቢሆን ኖሮ”ም ስም ውስጥ ገባ። የዚህ ዓይነቱ ሰው በየማኪያቶ ቤቱ አይጠፋም፤ ስኳሩን አማስሎ ሳይጨርስ ካቢኔ አዋቅሮ ይበትናል። ቅጥያዋ ራሷም ያው ናት። በ1905 ቡሎኝ ሱር ሜር ላይ አይነኬ ተብሎ በጸደቀው የቋንቋው መሠረት ውስጥ ስላልነበረች፣ እስከ ዛሬ የምትገባው በጓሮ በር ነው።

ከዛመንሆፍ ስምንት ዓመት ቀድመው ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ይኖሩ የነበሩት የካቶሊክ ቄስ ዮሐን ማርቲን ሽላየር እንቅልፍ ባጡበት ሌሊት እግዚአብሔር አዘዘኝ ብለው ቮላፑክን አወጡ። በቮላፑክ “ዴል” ቀን ነው። ግስ ላይ ያለፈውን የምታሳየዋን “ኤ” ፊቱ ሲያስቀምጡበት “ኤዴል” ትናንት ሆነች፤ መጪውን የምታሳየዋ “ኦ” ስትመጣ “ኦዴል” ነገ። ቄሱ የሰዋስው አብዮት ያሰቡ አይመስለኝም። ያለቻቸውን ምልክት ሁለት ቦታ ያሠሩ ቆጣቢ ናቸው፤ ከሁሉም የምወደው የእሳቸውን ነው።

እነዚህ ሁሉ የጣሱት ሕግ የአርስቶትል ነው፤ ስም ጊዜ የለውም፣ ጊዜን የሚያመለክተው ግስ ነው ብሎ ነበር። ችግሩ አርስቶትል ጓራኒ አለመስማቱ ነው። ኢየሱሳዊው አንቶኒዮ ሩይስ ዴ ሞንቶያ የዚህን የደቡብ አሜሪካ ቋንቋ ሰዋስው በ1640 ማድሪድ ላይ ሲያሳትም፣ የጓራኒ ስሞች ጊዜያቸውን ጭራቸው ላይ ተሸክመው ይዞሩ ነበር። ኦጋ ቤት ነው። ኦጋኴ ቤት የነበረ፣ ዛሬ ፍርስራሽ። ኦጋራ ቤት የሚሆን፤ ገና ፕላን ወይም የተቆለለ እንጨት። ሁለቱ ሲገናኙ ኦጋራንጔ ይመጣል፤ ቤት ሊሆን ታስቦ የቀረ። ፌሮው ሰማይ እያየ የዛገ ጅምር፣ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ሪባኑ ብቻ የተቆረጠለት ሕንጻ፣ ሁሉም በአንድ ቃል። ፈጣሪ ነኝ ባዩ ሁሉ ላቡን ጠብ አድርጎ የሚደርስባትን ቅጥያ፣ ፓራጓይ ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳያስብ ይላታል።

ነገሩ ግን አልተቋጨም። በ2004 ሬቸል ኖርድሊንገርና ሉዊዛ ሳድለር የተባሉ የሥነ ልሳን ምሁራን ከልዩ ልዩ ቋንቋዎች ማስረጃ ሰብስበው፣ ስም በእርግጥ ጊዜ ይይዛል አሉ። በ2007 ጁዲት ቶንሃውዘር የጓራኒን ቅጥያዎች አንድ በአንድ መርምራ፣ እነዚህ ግስ ላይ እንደምናውቀው ጊዜ አይደሉም ብላ መለሰች። አርስቶትል እንግዲህ ይግባኙ ገና እየታየለት ነው።