ሃያ አምስት ኩንታል በኮኪት

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ኮኪትን የሚያውቅ ያውቃታል። በሰሊጥ ሰሞን ሚዛን አጠገብ የቆመ ሰው ሃያ አምስትን በሦስት መልክ ያገኘዋል። ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የአብነት ተማሪ ፳፭ ብሎ ያውቀዋል፤ የነጋዴው ደብተር ላይ 25 ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን የመጣ ወረቀት ላይ ደግሞ በዐረብኛ አኃዝ ይጻፋል። በእነሱ አኃዝ አምስት ትንሽ ክብ ናት፣ ዜሮ ነጥብ፣ ስድስታቸውም የእኛን 7 ይመስላል። የሱዳን ሃምሳ ፓውንድ በዐረብኛው ገጹ ላልለመደው ዓይን ዜሮና ነጥብ ነው!

መልኩ ይህን ያህል ይለያይ እንጂ ብዛቱ አንድ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ስታኒስላስ ደሃን እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳስረዳው፣ አንጎላችን የተጻፈውን ምልክት፣ የሚነገረውን ስምና ብዛቱን ራሱን ለየብቻ ይይዛል። የብዛቱ ዋና ማደሪያ ከአናታችን ወደ ኋላ፣ ፓራይታል በሚባለው ክፍል ያለ ስርጉድ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም አለው፤ ለብዛት የሚነቁ ሕዋሳት ጦጣ ላይ እንኳ ተገኝተዋል። ስለዚህ ማንበብ የማይችለውን ሰው «ሒሳብ አያውቅም» ማለት ስንፍና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሞየርና ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ከሁለት አኃዞች የሚበልጠውን እንዲመርጡ ጠየቁ። 2 እና 9 ሲሆን መልሱ ቶሎ መጣ፤ 8 እና 9 ሲሆን ዘገየ። አንጎል ምልክቱን ወደ ብዛት መልሶ ያመዛዝናል ማለት ነው፤ ሲቀራረብበት ይቸገራል፣ ሲበዛበትም እንዲሁ። ሦስት ጆንያ ሳንቆጥር እናውቃለን። መኪና ላይ የተጫነ ሃያ አራትና ሃያ አምስት ጆንያ ግን በዓይን የሚለይ የለም፤ የጫኝና የአስጫኝ ክርክር የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጆሮም የራሱ ጣጣ አለው። ሱዳናዊው ሃያ አምስትን «ኸምሳ ወዒሽሪን» ይላል፤ አምስቱ ይቀድማል። ጀርመንኛም እንዲሁ ነው፤ ጀርመናውያን ሕፃናት ቁጥር በቃል ሲነገራቸው 25ን 52 አድርገው የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ነው። በሚቆራረጥ ስልክ ዋጋ የሚደራደር ነጋዴ ከሕፃን ብዙም አይሻልም። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ደግሞ ሒሳብን በተማረበት ቋንቋ ማስላት ይቀናዋል። ቀኑን ሙሉ ዐረብኛ ሲያቀላጥፍ የዋለው ነጋዴ ድምር ላይ ሲደርስ ከንፈሩ በአማርኛ ይንቀሳቀሳል፤ «ሃያ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሰባ አምስት…»።

እናም ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የምትነግዱ ወንድምና እኅቶች፣ ደረሰኝ ላይ አኃዙን ብቻ አትጻፉ። በፊደልም ጻፉት፣ በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብላችሁ አስደግሙት፣ መኪናው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ይሁን።